ያልተከፈተው ቁርስ

«ድንች የለበትም አልኩሽ እኮ! ከእኔ ኩሽና ድንች ያለበት የጄይን ቁርስ ወጥቶ አያውቅም!»

«ድንች አለበት ማን አለ፣ ሚስተር ካልራ? እኔ ያልኩት ታሽጎ መጣ፣ እንደታሸገ አቀረብኩ ነው።»

«ታሽጎ ከመጣማ መርዙ የገባው ሰማይ ላይ ነው። ሰማይ ላይ ማን ነበር? እኔ ነበርኩ?»

«ኧረ በሕግ! ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ጀምሬ በእግሬ ነው የቆምኩት…»

«ቆመሽ ምን ስትሠሪ እንደነበር ነዋ የሚጠየቀው!»

ኢንስፔክተር ማልቲ ራና እስክሪብቶዋን ጠረጴዛው ላይ ወረወረችው።

«ሁለታችሁም ዝም! ሰው ሞቶ እናንተ ስለ ድንች ትጨቃጨቃላችሁ?»

«ማዳም፣ ድንቹ ቀላል ነገር አይደለም» አለ ካልራ። የአየር መንገዱን ምግብ የሚያዘጋጀው ኩሽና ኃላፊ ነው፤ ወፍራም፣ በጥር ብርድም የሚያልበው ሰው። «ጄይኖች በሃይማኖታቸው ከመሬት በታች የበቀለ ነገር አይበሉም። ነገ ጋዜጣ ላይ ‹ለጄይን ድንች አበሉ› ተብሎ ቢወጣ እኮ…»

«መርዝ አበሉ ተብሎ ነው የሚወጣው፣ ሚስተር ካልራ።»

የበረራ አስተናጋጇ ሩአቲ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ከዴሊ አውሮፕላን ማረፊያ መድረሻ አዳራሽ ጀርባ ያለችው ክፍል መስኮት የላትም። ማሞቂያው ይንጫጫል እንጂ አያሞቅም። ማልቲ ቁርስ ሳትቀምስ ነው ከቤቷ የተጠራችው፤ አሁን አራት ሰዓት ሊሆን ነው። ከመጣች ጀምሮ አንድ ቀላል ጥያቄ ለሁሉም ስታቀርብ ቆይታለች፤ የጠየቀችውን የመለሰላት ግን አንድም ሰው አልነበረም።

ነገሩ ሲታይ የተዘጋ ነበር። ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ከአምስት ከሙምባይ የተነሳው አውሮፕላን ሁለት ሰዓት ከአሥር ላይ ዴሊ አረፈ። በአንደኛ ማዕረግ ካሉት ስምንት ወንበሮች ሦስቱ ብቻ ነበሩ ሰው ያለባቸው። በመስኮቱ በኩል ቺማንላል ዶሺ ተቀምጠዋል፤ ናስ በብር የሚለበጥበት ፋብሪካ ባለቤት፣ የሰባ አንድ ዓመት ሽማግሌ። ከጎናቸው ለሠላሳ ዓመት ሥራ አስኪያጃቸው የነበረው ኪሪት ሳንግቪ፣ ከኋላቸው የወንድማቸው ልጅ ፓራስ። በሩ ሲከፈት ሁለቱ ተነሱ፤ ሽማግሌው አልተነሱም። የአየር ማረፊያው ክሊኒክ ሐኪም ዶክተር ፋሪዳ የሟቹን አፍ አሸተተችና «ሳያናይድ» አለች። በትሪያቸው ላይ በተረፈው ፖሃ፣ በዚያ በእርድ ቢጫ በሆነው ጠፍጣፋ ሩዝ ላይም ያንኑ ሽታ አገኘች። ግማሹ ተበልቷል።

ስልኩ ጮኸ። አለቃዋ ብሃቲያ ነበር፤ ለአራተኛ ጊዜ።

«ልጅቷን አስገባሻት?»

«ገና ነኝ፣ ሰር።»

«ምን ትጠብቂያለሽ? ባለፈው ወር ሟቹ ከስሷት ዕድገቷ ቀርቶባታል፤ ወረቀቱ እጄ ላይ ነው። ትሪውን ያቀረበችው እሷ፣ ያነሳችው እሷ። አምስት ሰዓት ላይ ጋዜጠኞች ይመጣሉ። እጇ ታስሮ ስትወጣ ይዩ።»

«ሲበሉ ያየ ሰው አላገኘሁም፣ ሰር።»

«ግማሹ ተበልቷል እያልኩሽ! ሩዝ በራሱ ይሄዳል እንዴ?»

ዘጋባት። ማልቲ ስልኩን በግንባሩ ደፍታ ካልራን ከክፍሉ አስወጣችው።

«ተቀመጪ» አለቻት ሩአቲን። «ስለ ክሱ ንገሪኝ።»

ሩአቲ ከሕንድ ምሥራቃዊ ጫፍ፣ ከሚዞራም ተራሮች የመጣች የሃያ ስድስት ዓመት ወጣት ናት። ዴሊ ውስጥ መንገደኛ ሁሉ ከየት አገር መጣሽ ይላታል፤ አገሬ ነው ብትል የሚያምናት ጥቂት ነው።

«ከጎናቸው ለተቀመጠ መንገደኛ እንቁላል ሳሳልፍ በእሳቸው ትሪ ላይ አሳለፍኩት። በቃ። ሁለት ገጽ ጻፉብኝ። እውነታቸውን ነው፣ ማወቅ ነበረብኝ። ከዚያ ወዲህ የጄይን ምግብ ሳቀርብ እጄን እንኳ እታጠባለሁ።»

«ዛሬ ቁርሳቸውን ሲበሉ አይተሻል?»

«ትሪውን አሥራ ሁለት ሰዓት ከአርባ አምስት ላይ አቀረብኩ…»

«ሲበሉ አይተሻል ወይ ነው ያልኩት።»

«አላየሁም። ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ነጭ ጨርቅ አፋቸው ላይ አድርገው ነበር። በእጃቸው ምልክት አስቀምጪው አሉኝ። አንድ ሰዓት ከሃያ አምስት ላይ ትሪ ስሰበስብም ዓይናቸው እንደተጨፈነ ነው፤ ሩዙ ግን ጎድሏል።»

«ለምን ያን ጊዜ ሰበሰብሽ? ማረፊያው ገና ነው።»

«በረራው አጭር ነዋ። ዋና አስተናጋጇ ቶሎ ጨርሺ አለችኝ።»

«ከዚያ በኋላስ?»

«አንድ ሰዓት ከሃምሳ ላይ ቀበቶ ላስራቸው ሄድኩ። ነቅተዋል። የውሃ ኮዳቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ነበርና የወንበሩ ኪስ ውስጥ ላስገባልዎ ብላቸው የእጅ ሰዓታቸውን አሳዩኝ። ‹አሥር ደቂቃ ብቻ ቀረኝ፣ ልጄ፤ ተባረኪ› አሉኝ። ለማረፍ የቀረን ሃያ ነው ልላቸው ብዬ ተውኩት።»

«ይህን ለሌላ ሰው ነግረሻል?»

«ለመጀመሪያው ፖሊስ ነግሬያለሁ። ‹የከሰሰሽ ሰው መረቀሽ?› ብሎ ሳቀብኝ። ማዳም፣ እጄን አስረው በዚያ አዳራሽ ካሳለፉኝ በኋላ ነገ ‹ንጹሕ ነሽ› ቢሉኝ ማን ያየዋል? እናቴ ቴሌቪዥን አላት።»

ማልቲ በማስታወሻዋ ላይ «አሥር ደቂቃ» ብላ ጽፋ ሁለት ጊዜ አሰመረችበት።

ኪሪት ሳንግቪ ሲገባ በሩን በቀስታ ዘጋው። ስድሳ ያለፈው፣ ነጭ ልብስ የለበሰ፣ የትሕትና ብዛት ያጎበጠው ሰው ነው። ከመቀመጡ በፊት ወንበሩን በመሐረቡ ጠረግ አደረገ፤ ጉንዳን እንዳይጨፈልቅ።

«ሻይ ይምጣልዎ፣ ኪሪትባይ?»

«የሼትጂ፣ የጌታዬ ሬሳ ሳይነሳ ውሃም አልቀምስ።»

«ወደ ዴሊ ለምን መጣችሁ?»

«ለንግድ ነው፣ እህቴ። እንደ ሁልጊዜው።»

«ቁርሳቸውን ሲበሉ አይተዋል?»

በዚያ ጠዋት ገና በመጀመሪያው ጥያቄ በቀጥታ የመለሰላት እሱ ነው። «አይቻለሁ። በፍላጎት ነበር የበሉት፣ ምስኪን። ከጎናቸው ሆኜ እያየሁ!» ዓይኑን ጠረገ።

«እርስዎስ በሉ?»

«አውሮፕላን ላይ ምግብ አይረጋልኝም።»

ማልቲ ከሟቹ ደረት ኪስ ያገኘችውን ትንሽ የታተመ ካርድ ገፋ አደረገችለት። ቀኖች በተርታ ተጽፈውበታል፤ ከየቀኑ ትይዩ ሰዓቶች አሉ። የዛሬው በቀይ ተከቧል፦ አንድ ሰዓት ከአሥራ ሁለት፣ ሁለት ሰዓት።

«ይህ ምንድን ነው?»

«የቤተ መቅደሳችን ካርድ ነው። የጸሎት ሰዓት።» መልሶ ገፋላት። አተኩሮ እንኳ አላየውም።

ፓራስ ገና ከበሩ ሳይገባ መናገር ጀመረ። «እስከ መቼ ነው የምታጉሩን? ልጅቷን ይዛችኋል፣ ሬሳችንን ስጡን! እኔን ደግሞ ያ ፖሊስሽ እንደ ሌባ ኪሴን ፈተሸኝ።»

«አንተና አጎትህ ሙምባይ ላይ ተጣልታችሁ ነበር።»

«ኦምሌት አዘዝኩ ብሎ በሰው ፊት ሰደበኝ! እንቁላል የሚበላ ሁሉ ነፍሰ ገዳይ ከሆነ አገሩ ባዶ ይቀራል፣ ማዳም። በልቼ ተኛሁ። የነቃሁት መሬት ስንነካ ነው።»

«ለምን ነበር የመጣችሁት?»

ፓራስ ግንባሩን አሸ። ንዴቱ ረገብ አለ። «ኪሪትባይ አልነገረሽም? ፋብሪካችን ውስጥ ሦስት ሠራተኞች ጭስ አፍኗቸው ሞተዋል። ጋኖቹ ያሉበት ክፍል ከውጭ ተቆልፎ ነበር። ዛሬ ስድስት ሰዓት ላይ አጣሪ ኮሚቴው ፊት ካካ፣ አጎቴ፣ ማን እንደቆለፈው ሊናገር ነበር። ለእኔ እንኳ አልነገረኝም። ‹እዚያው ትሰማለህ› አለኝ።»

ማልቲ ካርዱን አሳየችው። ተስፋ ቆርጣ ነበር፤ እሱም እንደሌሎቹ ሌላ ነገር የሚያወራ መስሏታል።

«ይሄ? የፀሐይ ካርድ ነዋ! የልጅነት ጠላቴ። የፊተኛው ፀሐይ የምትወጣበት ነው። የኋለኛው ደግሞ አፍ የሚከፈትበት። ፀሐይ ከወጣች አርባ ስምንት ደቂቃ ሳይሞላ ካካ ውሃ እንኳ ከከንፈሩ አያስጠጋም። ያችን ሰዓት ስጠብቅ ስንት ጠዋት በረሃብ ትምህርት ቤት ሄጃለሁ።»

ማልቲ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «አንድ ሰዓት ከሃያ አምስት ላይስ ይበላሉ?»

«አብደሻል? በካካ ሞት! ሠላሳ አምስት ደቂቃ ሲቀረው?»

«እና ቁርሱ መረዛቸው ሲባል ለምን ይህን አልነገርከንም?»

«ትሪው መቼ እንደተነሳ ማን ነገረኝ? ልናርፍ ስንል የበላ መስሎኝ ነዋ! እሱና ኪሪትባይ እንደሆኑ ሁልጊዜ ሰዓታቸውን እያዩ አብረው ነው አፋቸውን የሚከፍቱት። ኪሪትባይማ ከእሱ ይብሳል።»

ማልቲ ተነሳች። ረሃቧን ረሳችው።

የምግብ ጋሪው ከአውሮፕላኑ እንደወረደ ታሽጎ በመጋዘን ቆሞ ነበር። ጠባቂው ያለ ደብዳቤ አልከፍትም አለ፤ ደብዳቤው ያለ ማኅተም ሆነ፤ ማኅተሙ ያለበት ቢሮ ተዘግቶ ተገኘ። በመጨረሻ ማልቲ ማሸጊያውን በራሷ ቁልፍ በጠሰችው። ፖሊሱ ቶማርም የአውሮፕላኑን መጸዳጃ ሊፈትሽ ሄዶ ከጽዳት ሠራተኞቹ ጋር ተጨቃጭቆ ተመልሷል፤ ያገኘውን ግን ይዞ ነበር።

ለአምስት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲል ሁሉም ጠባቧ ክፍል ውስጥ ነበሩ። ካልራ፣ ሩአቲ፣ ፓራስ፣ ኪሪት፣ ዶክተር ፋሪዳ፤ ቶማር በሩ ላይ። ስልኩ ጮኸ። ማልቲ አላነሳችውም።

«ከጠዋት ጀምሮ አንድ ነገር ስጠይቃችሁ ነበር፤ ሽማግሌው ሲበሉ ማን አየ? ሚስተር ካልራ ስለ ድንች ነገረኝ።»

«የለበትም ነው ያልኩት» አለ ካልራ።

«የለበትም፤ አምኛለሁ። አሁን ስሙኝ። ዶክተር፣ በዚያ ሩዝ ላይ ያለው መጠን ሰውን በስንት ጊዜ ይገድላል?»

«በደቂቃዎች» አለች ፋሪዳ። «ከዚያ አያልፍም።»

«ትሪው የተነሳው አንድ ሰዓት ከሃያ አምስት ላይ ነው። ከዚያ በፊት በልተው ቢሆን ኖሮ አንድ ሰዓት ተኩል ሳይሞላ ይሞቱ ነበር። አንድ ሰዓት ከሃምሳ ላይ ግን ሩአቲን አነጋግረዋታል።»

«እሷ ናት እንደዚያ የምትለው!» አለ ካልራ። «ሬሳ መረቀኝ ብትልም እናምናለን?»

«የነገረችኝን የምትፈጥርበት ምክንያት የላትም፤ ትርጉሙን አታውቀውምና። አሥር ደቂቃ ብቻ ቀረኝ ብለዋታል። ማረፊያው ሃያ ደቂቃ ይቀረዋል። አሥር ደቂቃ የቀረው ምን ነበር?» ካርዱን ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። «ሁለት ሰዓት። አፍ የሚከፈትበት። ይህ ሰው ያንን ቁርስ አልበላም። ታዲያ ማን ነው የተበላ ያስመሰለው?»

ቶማር በላስቲክ የያዘውን የወረቀት ከረጢት አሳየ፤ ለሚያስመልሰው ተሳፋሪ በየወንበሩ ኪስ የሚቀመጠውን ዓይነት። ከውስጡ ቢጫ ሩዝ ይታያል።

«ከመጸዳጃው ቆሻሻ መጣያ ነው የተገኘው» አለች ማልቲ። «ሩአቲ በየወንበሩ አንድ አንድ አድርጋ ነበር። ከአንዱ ወንበር ጎድሏል፤ ከሟቹ ጎን ካለው።»

ፓራስ ቀስ ብሎ ወደ ኪሪት ዞረ። «ኪሪትባይ?»

«የበሉ መስሎኝ ነው» አለ ኪሪት በለሆሳስ። «ከአውሮፕላን ላይ ፀሐይ ቀድማ ትታያለች። ሼትጂ በመስኮቱ ቀድመው አይተዋት…»

«ከጋሪው ውስጥ ሦስት ትሪ አገኘሁ» አለች ማልቲ። «የፓራስ ኦምሌት ተጠርጎ ተበልቷል። የሽማግሌው ግማሽ ነው። ሦስተኛው ስምዎ ተለጥፎበታል፤ ክዳኑ አልተከፈተም። አንድ ክንድ በማይሞላ ርቀት ነው የተቀመጣችሁት። ለእሳቸው የወጣችው ፀሐይ ለእርስዎ ቀረች?»

ኪሪት መሐረቡን አጣጠፈ።

«ቁርሱ ሲመጣ ዓይናቸውን ጨፍነው በጸሎት ላይ ነበሩ። ትሪው አውሮፕላኑ እስኪያርፍ ድረስ የሚቆይ መስሎዎት ነበር። ልጅቷ ልትሰበስብ ስትነሳ ያልተነካ ትሪ ማንንም እንደማያስወቅስ ገባዎት። ግማሹን ከረጢት ውስጥ ጨመሩ፣ በተረፈው ላይ ናስ በብር ስትለብጡ የምትጠቀሙበትን መርዝ ነሰነሱ። ፖሊስ የሚያየው የተበላ ምግብ ነው፤ የእናንተን ሰዓት ከየት ያውቃል? የገደላቸው ግን በሁለት ሰዓት አፋቸውን የከፈቱበት ነው።»

ከጠረጴዛው ሥር ሁለት የብረት ኮዳዎች አውጥታ ጎን ለጎን አቆመች። ሁለቱም አንድ ዓይነት ናቸው።

«ከቦርሳዎ ነው የተገኙት፤ ከሟቹ ጭን ላይ ግን ኮዳ አልተገኘም። ሁለቱም የእኔ ናቸው ብለው ለቶማር ነግረውታል። ከትናንት ማታ ጀምሮ ውሃ አልቀመሱም። አንድ ጉንጭ ይጠጡ።»

«ሬሳው ሳይነሳ…»

«አንድ ጉንጭ ብቻ፣ ኪሪትባይ።»

ኪሪት ሁለቱን አየ። አንዱን አንስቶ ወገቡን አዟዟረ፤ ትንሽ የተሰረጎደ ቦታ አገኘና ከፍቶ ጠጣ። ማልቲ ሌላኛውን ገፋችለት።

«ከዚህም።»

ማሞቂያው ሲንጫጫ ይሰማል። ኪሪት ኮዳውን አልነካውም። እጆቹን ጉልበቱ ላይ አደረገ።

«በሁለቱም ውስጥ የነበረውን ዶክተሯ ለምርመራ ወስዳለች» አለች ማልቲ። «አሁን ያለው ከክሊኒኳ የመጣ ንጹሕ ውሃ ነው። እምነታችሁ እንደሚያዘው አፍልታ ነው የሞላችው። እርስዎ ግን የትኛውን መጠጣት እንደሌለብዎ ያውቃሉ።»

ፓራስ ወንበሩን ገልብጦ ተነሳ። ቶማር ያዘው።

«በሩን የቆለፍኩት ብር እየተሰረቀ ስለነበር ነው» አለ ኪሪት ማንንም ሳያይ። «ሰው ውስጥ መኖሩን አላወቅኩም። ሼትጂን ለመንኳቸው። ‹እውነቱን እናገራለሁ› አሉ። ሠላሳ ዓመት አገልግያቸው!»

«ከዚያ ሩዝ ሁለት ማንኪያ ቢበሉ ኖሮ ምናልባት አላገኝዎትም ነበር።»

ኪሪት ቀና አለ። ለመጀመሪያ ጊዜ የተቆጣ መሰለ።

«ሰዓቱ ሳይደርስ? አርባ ዓመት ያልፈረሰ መሐላ ነው እኮ፣ እህቴ!»

ሁሉም በአንድ ጊዜ መናገር ጀመረ። ፓራስ ይጮሃል፤ ቶማር ካቴናውን የረሳው የት እንደሆነ ይፈልጋል። ስልኩ እንደገና ጮኸ፤ ማልቲ አነሳችና የሆነውን ነገረችው።

«ሥራ አስኪያጁ?» አለ ብሃቲያ። «እኔም እኮ ከመጀመሪያው ጠርጥሬው ነበር። ጋዜጠኞቹ መጥተዋል፤ እኔ ሳልደርስ ቃል እንዳይወጣሽ።»

«ልጅቷስ፣ ሰር? የክስ ወረቀቷ ላይ ምን ልጻፍ?»

«የትኛዋ ልጅ?»

ማልቲ ዓይኗን ጨፈነች። ብሃቲያ ስለ አሠራር፣ ስለ በጠሰችው ማሸጊያ፣ ለመጋዘኑ ስለሚጻፈው የይቅርታ ደብዳቤ ያወራላት ጀመር። ሳትወድ ታዳምጠዋለች።

ሩአቲ ከጥጉ ተነሳች። ጠረጴዛው ላይ የቀሩትን የሻይ ብርጭቆዎች አንድ ላይ ደራረበች፤ የፈሰሰውን በሶፍት ጠረገች፤ ፓራስ የገለበጠውን ወንበር አንስታ ወደ ቦታው መለሰችው። ከዚያ ባለ ጎማ ሻንጣዋን ይዛ፣ በቶማርና በካልራ መካከል በጎን አልፋ ወጣች።

ካልራ ጀርባውን ለበሩ ሰጥቶ በስልክ ላይ ነበር።

«የለበትም ነው የምልህ! ፖሊስም አረጋግጣለች። ድንች የሚባል ነገር አልነበረበትም!»